ነፃ ፋየርዎል፦ ኬላው ማንን ያስቆማል?

ላፕቶፑን ጥገና ቤት ሰጥቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር አብሮ ይረከባል፤ ክራክ የተደረገ ኦፊስና የተዘጋ ፋየርዎል። ክራኩ እንዲሠራ መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱና ፋየርዎሉ መጥፋት አለባቸው፤ ከፋይሉ ጋር የሚመጣው መመሪያ በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚያዘው ይህንኑ ነው። መልሶ ማብራቱ ግን የማንም ሥራ አይደለም። ባለሙያውን ሌላ ደንበኛ ይጠብቀዋል፤ ባለቤቱ ደግሞ መጥፋቱንም አያውቅ። እንዲህ ሆኖ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የድርጅት ሒሳብና የቤተሰብ ፎቶ የያዘ ማሽን ዓመት ሁለት ዓመት ጥበቃው ተነስቶ ይከርማል። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ወይም የወር ዳታው በሳምንት ሲያልቅ ነው ባለቤቱ «ነፃ ፋየርዎል» ብሎ ፍለጋ የሚገባው። አንዳንዱ ደግሞ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል «ፕሪሚየም፣ ፉል ቨርዥን» የሚል ፋይል አውርዶ ይጭናል። ሌባን ለመከላከል ዘበኛ ከሌባ መቅጠር ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህ በነፃ የሚገኝ ጥበቃ ምን ያህል ይጠብቃል? መልሱ ጥበቃው ከማን ነው በሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ፋየርዎል በአማርኛ ኬላ ቢባል ይቀርበዋል። የመንገድ ኬላ የሚገባውንም የሚወጣውንም መኪና አስቁሞ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃል። የኮምፒውተሩም እንዲሁ በኔትወርክ ወደ ማሽኑ የሚመጣውንና ከማሽኑ የሚወጣውን ግንኙነት ከደንቡ ጋር እያመሳከረ ያሳልፋል ወይም ይመልሳል። ከጸረ ቫይረስ ጋር መምታታት የለበትም። በፍላሽ የገባ ቫይረስ በኬላው አላለፈም፤ ስለዚህ ፋየርዎሉ ሲገባ አያየውም። በኢሜይል የመጣ ፋይልም የተፈቀደ መንገድ ይዞ የመጣ ነው። ፋየርዎል ጭኖ የጓደኛን ፍላሽ ያለ ሥጋት የሚሰካ ሰው በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደከፈተ ነው።

ነፃ ፋየርዎሎች ስም ያወጡበት ዘመን ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ሲወጣ ፋየርዎል ነበረው፤ ግን ተዘግቶ ነው የመጣው፤ የሚያበራውም ጥቂት ሰው ነበር። በነሐሴ 2003 «ብላስተር» የተባለ ዎርም ተነሳ። ዎርም እንደ ተራ ቫይረስ ሰው ፋይል እስኪከፍትለት አይጠብቅም፤ በራሱ ከማሽን ወደ ማሽን ይዛመታል። ኢንተርኔት ላይ መገናኘት ብቻውን ለመያዝ በቂ ነበር። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የነካ ሰው ምልክቱን አይረሳም፦ «ሲስተሙ በ60 ሰከንድ ውስጥ ይዘጋል» የሚል ሳጥን ብቅ ይልና ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ከአንድ ወር በፊት አውጥቶ ነበር። ነገር ግን በዳያል አፕ የስልክ መስመር ለሚገናኝ ሰው ማስተካከያውን አውርዶ ሳይጨርስ ቆጠራው ያልቃል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ገና ተማሪ የነበረ አንድ ጀርመናዊ ወጣት የጻፈው «ሳሰር» በተመሳሳይ መንገድ ዓለምን አዳረሰ።

በዚያ ወቅት «ዞንአላርም» የተባለውን ነፃ ፋየርዎል የጫነ ሰው እነዚህን ሁለቱን ሳያያቸው አለፈ። ከውጭ የሚመጣውን ያልተጠራ ግንኙነት ሁሉ ድምፁን አጥፍቶ ይመልስ ነበርና። ሳይጌት ቢሉ ኬሪዮ፣ ነፃ አማራጩ ብዙ ነበር፤ ሁሉም ከማይክሮሶፍት ይሻሉ ነበር። አንድም ብር ሳይከፈል የተገኘ እውነተኛ ጥቅም ይህ ነው፤ ማንም ሊያናንቀው አይገባም።

ችግሩ ያ ምክር ዘመኑ ካለፈም በኋላ ከአፍ ወደ አፍ መተላለፉን አለማቆሙ ነው። ማይክሮሶፍት በነሐሴ 2004 ባወጣው ሁለተኛው የኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ ፋየርዎሉን አብርቶ ማቅረብ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ዊንዶውሶች ሁሉ እንደበራ ነው የሚመጡት። በዚያ ላይ የቤት ራውተር ያልተጠራ እንግዳን ወደ ውስጥ አያስገባም፤ በሞባይል ዳታ የሚገናኝ ማሽንም አብዛኛውን ጊዜ ከቴሌኮሙ የጋራ አድራሻ ጀርባ ስለሚቀመጥ ከውጭ በቀጥታ አይደረስበትም። አደጋው የሚቀረው ሰፈር ውስጥ ነው፤ የሆቴል ዋይፋይ፣ የካፌ ዋይፋይ፣ የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ። እዚያ ጎረቤቱ ከራውተሩ ወዲህ ነውና። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ብዙ ተቋማትን ያሽመደመደው «ዋናክራይ» አንዱን ማሽን ከያዘ በኋላ የተዛመተው እንዲህ ካለው ጎረቤት ወደ ጎረቤት ነበር። ለዚህም ቢሆን ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይ ሲገኝ የሚያቀርበውን ምርጫ «ፐብሊክ» ብሎ መተው ይበቃል። ከካፌ ዋይፋይ ጋር ሲገናኙ «ፕራይቬት» ብሎ መምረጥ ግን ቤትን ለአላፊ አግዳሚው ክፍት አድርጎ መተኛት ነው።

እንግዲህ የሚገባውን የማስቆሙ ሥራ በዊንዶውሱ ዋጋ ውስጥ ተከፍሎበታል። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ የሚጠቀመው ሰው ከፍሎበታል ወይ የሚለው ሌላ ጨዋታ ነው። ለነፃው ፋየርዎል የቀረለት ሥራ የሚወጣውን መቆጣጠር ነው።

ይህ ሥራ ቀላል አይደለም። የዊንዶውስ ፋየርዎል ከቪስታ ጊዜ ጀምሮ የሚወጣውን ማስቆም ይችላል፤ ግን ካልታዘዘ በቀር ሁሉንም ያሳልፋል። ማዘዣው ያለበት ገጽ ደግሞ ለተራ ሰው የተሠራ አይመስልም። እንደ «ግላስዋየር» ያሉ ፕሮግራሞች እዚህ ላይ ዓይን ይገልጣሉ። የትኛው ፕሮግራም፣ መቼ፣ ምን ያህል ዳታ ይዞ ወደ የት እንደሄደ በሥዕል ያሳያሉ። ዋይፋይ በወር ክፍያ ለሚያገኝ ሰው ይህ ትርፍ መረጃ ሊሆን ይችላል። በሜጋባይት ቆጥሮ ጥቅል ለሚገዛ ሰው ግን የኪስ ጉዳይ ነው። ሰውየው ኢሜይል ብቻ አይቶ ወጣ፤ ጥቅሉ አለቀ፤ «ቴሌ በላኝ» ብሎ ተማረረ። ዝርዝሩ ሲታይ ግን ዊንዶውሱ ራሱን ሲያድስ፣ ሁለት ጨዋታዎች አፕዴት ሲያወርዱ፣ የፎቶ ማከማቻው ሙሉውን አልበም ወደ ሰማይ ሲልክ ነበር። ጥርጣሬው ከቴሌ ወደ ገዛ ማሽን መዞሩ ብቻውን የነፃ ሶፍትዌር ዋጋ ያወጣል። እርግጥ ነው፣ ዊንዶውስ ራሱ አንድን ግንኙነት «ሜተርድ» ብሎ መመዝገቢያ አለው፤ ያንን ማብራት ብቻ የራሱን የዊንዶውስን አብዛኛውን ፍጆታ ይቀንሳል። ይህን የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው?

ጣጣው የሚመጣው ኬላው መጠየቅ ሲጀምር ነው። ነገሩን ለማስረዳት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ትታሰብ። የወንድሟን ልጅ ምክር ሰምታ ጠያቂ ፋየርዎል ጫነች። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት «ኤስቪሲሆስት ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት ይፈልጋል፤ ይፈቀድለት?» የሚል ሳጥን ብቅ ይላል። ኤስቪሲሆስት ማነው? የዊንዶውስ የራሱ ሎሌ ነው፤ ብዙ የውስጥ አገልግሎቶች በእሱ ስም ይመላለሳሉ። ይህን ግን ሳጥኑ አይነግራትም። ተጠራጥራ ከለከለች፤ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ፈቀደች፤ ተመለሰ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ስም፣ ሌላ ሳጥን። አንዱን ስትከለክል ፕሪንተሩ ዝም አለ፤ የወር መጨረሻ ነው፣ አለቃዋ ከጀርባዋ ቆሟል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ትምህርቱን ጨርሳለች፤ «ፍቀድ» ስትል ሥራ ይሄዳል፣ «ከልክል» ስትል ይቆማል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ሳታነብ ታሳልፋለች። ኬላው ቆሟል፣ ዘበኛው ዩኒፎርም ለብሷል፣ ገመዱ ግን መሬት ላይ ወድቋል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ፋየርዎሉ ራሱ መወሰን ያልቻለውን ፍርድ ከእሱ ያነሰ መረጃ ላላት ሰው አሳልፎ ነው የሰጠው።

ይህ ድካም የሰውን ሕይወት የነካበትን ጉዳይ የዚህ አገር ተከታታይ አንባቢ ያስታውሳል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ባወጣው ዘገባ፣ «ፊንስፓይ» የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ እንደ ማጥመጃ ይዞ ሲሠራጭ እንደነበርና መረጃውን የሚቀበለው ሰርቨር በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ እንደተገኘ ገለጸ። አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ በዚሁ ሶፍትዌር ለወራት እንደተጠለፈ፣ የስካይፕ ንግግሩ ሳይቀር እንደተቀዳ በመግለጽ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ክስ መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መንግሥታት ያላቸውን ያለመከሰስ መብት ጠቅሶ ዘጋው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ ሌላ ዘገባ ወጣ፤ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ፣ ጃዋር መሐመድን ጨምሮ፣ መሞከሩን ሲትዝን ላብ አስረዳ። ድርጅቱ ይህንንም ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አያይዞታል።

የሳይበርቢቱ አካሄድ ለፋየርዎል ወዳጆች ትልቅ ትምህርት አለው። ሰውየው በኢሜይል የቪዲዮ ማያ ይላክለታል። ማያውን ሲከፍት ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን ማደስ እንዳለበት ይነገረዋል። ያድሳል። ያደሰው ግን ሰላዩን ነው። አሁን በዚህ ማሽን ላይ በጣም ጥሩ የሚባል ነፃ ፋየርዎል አለ እንበል። ፋየርዎሉ ሥራውን በትክክል ሠርቶ «የአዶቤ ፕሮግራም መገናኘት ይፈልጋል» ብሎ ይጠይቃል። ከአንድ ደቂቃ በፊት በገዛ እጁ የአዶቤ ማደሻ የጫነ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? የሚወጣው መረጃ በሙሉ የባለቤቱን ፊርማ ይዞ ያልፋል።

ሳይጠይቁ የሚያልፉም አሉ። የተራቀቁ የስለላ ፕሮግራሞች ቀድሞ በተፈቀደለት ብራውዘር ውስጥ ተሸሽገው መውጣትን ያውቁበታል፤ ኬላው የሚያየው በየቀኑ የሚያልፈውን መኪና ነው፤ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ሰው አያይም። ይህ ድክመት አዲስ አይደለም። ስቲቭ ጊብሰን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 «ሊክቴስት» በምትባል ትንሽ ፕሮግራም የዘመኑን ፋየርዎሎች ፈትኖ፣ አንዳንዶቹ የተፈቀደ ፕሮግራም ስም የያዘን ሁሉ ያለ ጥያቄ እንደሚያሳልፉ አሳይቶ ነበር። በኋላ የመጡት ከስም አልፈው የፋይሉን አሻራ ማመሳከር ጀመሩ፤ አጥቂዎቹም ዘዴ ቀየሩ። የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያገኘ ቫይረስ ከዚህም ቀላል መንገድ አለው፤ ለራሱ የይለፍ ደንብ ይጽፋል፣ ወይም ኬላውን ጨርሶ ያነሳዋል። ስለዚህ ጋዜጠኛ ሆነ የመብት ተሟጋች፣ በሚገባ የተደራጀ ጠላት አለብኝ ብሎ የሚያስብ ሰው በነፃ ፋየርዎል ተማምኖ ቢተኛ ባዶ እጁን ከተኛ ሰው የሚለየው በእንቅልፉ ጥልቀት ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ኋላ ላይ ምን እንደወጣ ለመመርመር መዝገቡ ይጠቅማል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሆንም፣ ጅቡ በየት በኩል እንደሄደ ማወቅም ዋጋ አለው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ፋየርዎል የሚጽፍ ሰው ይበላል፣ ኪራይ ይከፍላል። ተጠቃሚው ካልከፈለው ሌላ ሰው ይከፍለዋል። ዞንአላርምን የእስራኤሉ ቼክ ፖይንት እ.ኤ.አ. በ2004 ጠቀለለው፤ የኩባንያው ስም ራሱ በአማርኛ «ኬላ» ማለት መሆኑ ይገርማል። በመስከረም 2010 የነፃው ዞንአላርም ተጠቃሚዎች ስክሪን ላይ ኮምፒውተራቸው ሊጠቃ እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ፣ የአንድ አደገኛ ቫይረስ ስም የጠቀሰ ሳጥን መጣ። ሰው ደነገጠ። መጨረሻው ግን የሚከፈልበትን ምርት ግዙ የሚል ነበር። ቁጣው ሲበዛ ኩባንያው መልእክቱን አነሳ። አንድ ጥበቃ ደመወዝ ለማስጨመር «ሌባ መጣ» ብሎ ከጮኸ፣ በእውነት ሌባ የመጣ ዕለት ማን ይነሳል?

አንዳንዱ ደግሞ ይሸጣል። ነፃ ጸረ ቫይረስ በማደል የሚታወቀው አቫስት፣ ጃምፕሾት በሚባል እህት ኩባንያው በኩል ተጠቃሚዎቹ የጎበኟቸውን ድረ ገጾች መረጃ ይሸጥ ነበር። ነገሩ ሲጋለጥ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ጃምፕሾትን ዘጋ፤ በየካቲት 2024 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገው። ፋየርዎል ደግሞ እያንዳንዱ ፕሮግራም ከማን ጋር እንደሚነጋገር በባሕርይው ያያል። ሊሸጥ የሚችል ነገር አያጣም።

አንዳንዱም ይሞታል። ሳይጌትን ሲማንቴክ እ.ኤ.አ. በ2005 ገዛና በዚያው ዓመት ነፃ ምርቱን አቆመው። በማሽኑ ላይ የቀረው ሰው አዲስ ማስተካከያ የማያገኝ ኬላ ይዞ ቀረ። ያልታደሰ ኬላ ከሌለ ኬላ ሊብስ ይችላል። ለዚህ ምስክሩ «ዊቲ» የተባለው ዎርም ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 ተነስቶ 12,000 ያህል ማሽኖችን ያዘ፤ ሃርድ ዲስካቸውን በየቦታው እየቆረሰ አበላሸ። የገባው በፋየርዎሉ በራሱ ቀዳዳ ነበር፤ «ብላክአይስ»ን በመሳሰሉ፣ ነፃ ባልሆኑ የጥበቃ ምርቶች በኩል። ቀዳዳው ይፋ በሆነ ማግስት ነው የደረሰው። ጥበቃ ያልነበረው ማሽን ዳነ፣ ጥበቃ የነበረው ተያዘ።

ያለ አጥቂም ይበላሻል። በሐምሌ 2008 ማይክሮሶፍት አንድ ከባድ የዲኤንኤስ ቀዳዳ የሚደፍን ማደሻ ሲልክ፣ ማደሻውን የተቀበለ የዞንአላርም ተጠቃሚ ኢንተርኔቱ ጨርሶ ጠፋበት። መፍትሔው በኢንተርኔት ይገኝ ነበር፤ ኢንተርኔቱን የዘጋው ግን ፋየርዎሉ ነው። ሁለተኛ ኮምፒውተር የሌለው ሰው በዚያን ቀን ምን እንዳደረገ መገመት አይከብድም፤ ኬላውን አነሳው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ አይረባም ወደሚል አያደርስም። በጅምላ የሚመከረው ግን ስህተት ነው። አብዛኛው ሰው ምንም አዲስ ነገር መጫን አያስፈልገውም፤ የዊንዶውሱ መብራቱን ማረጋገጥ ይበቃዋል፤ ይህም አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከጥገና ቤት ሲመለሱ ደግሞ የግድ ነው። የሚወጣውን መቆጣጠር የሚፈልግ ሰው እንደ «ታይኒዎል» ወይም «ሲምፕልዎል» ያሉትን ቢያይ ይሻለዋል። እነዚህ ትንንሽ ናቸው፤ የራሳቸውን ግንብ አይገነቡም፣ ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ማጣሪያ ላይ ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። ታይኒዎል ጭራሽ አይጠይቅም፤ ያልተፈቀደውን ዝም ብሎ ይከለክላል፣ ባለቤቱ የሚፈልገውን ራሱ ሄዶ ይፈቅዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ያበሳጫል። ያችን የሒሳብ ሠራተኛ ከሳጥን ውርጅብኝ የሚያድናት ግን ይህ ነው፤ የወንድሟ ልጅ አንድ ጊዜ አስተካክሎላት ከሄደ። ማክ ለሚጠቀም «ሉሉ» አለ፤ ነፃ ነው፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። ከየትም ይሁን ከየት ግን የሚወርደው ከሠሪው የራሱ ገጽ ብቻ ነው። በነፃ የሚታደልን ሶፍትዌር ከቴሌግራም «ክራክ» አድርጎ የሚያወርድ ሰው ምን እየሸሸ እንደሆነ አይገባም።

ስልክ ላይ ሲደረስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ የዚህ አገር ሰው ደግሞ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ስልኩ ላይ ነው የሚውለው። አንድሮይድ ላይ «ኔትጋርድ» የሚባል ነፃ ፋየርዎል አለ። ስልኩን ሩት ማድረግ ሳያስፈልግ የትኛው አፕ ዳታ እንዲነካ፣ የትኛው በዋይፋይ ብቻ እንዲሠራ ይወስናል። ለጥቅል ቆጣቢ ከዚህ የሚሻል አይገኝም። ይህን የሚያደርገው ግን በስልኩ ውስጥ የቪፒኤንን ቦታ ይዞ ነው፤ አንድሮይድ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቪፒኤን በላይ አያስቀምጥም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተገድበው አምስት ወር ያህል ሲቆዩ፣ አገሩ ሁሉ በቪፒኤን ነበር የሚገናኘው። ኔትጋርድ የነበረው ሰው መምረጥ ነበረበት፤ ወይ ኬላውን ይዞ ከወሬ መራቅ፣ ወይ ኬላውን አንስቶ ማን እንደሠራው በማያውቀው ነፃ ቪፒኤን ትራፊኩን ሁሉ ማሳለፍ። አብዛኛው ሁለተኛውን መረጠ። አይፎን የያዘው ይህ ምርጫ አልገጠመውም፤ በሴቲንጉ ውስጥ ከእያንዳንዱ አፕ አጠገብ የሞባይል ዳታ ማጥፊያ አለው፣ ቪፒኤኑም ሳይነካ ይሠራል።